ዝም ያለው ልጅ የተናገረው

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ የካቲት 1979 ዓ.ም.

ውድ ልዑልሰገድ፣

ከስምንት ዓመት በኋላ ስለ አንድ ፊልም ልጠይቅህ ስጽፍ ሳትስቅ አትቀርም። ሳቅ፤ መልሱን ግን ንገረኝ።

በቀበሌው አዳራሽ ያየነውን የሶቪየት ፊልም ታስታውሳለህ? ትምህርት የጨረሱት ወጣቶች፣ ሻንጣዋን በገመድ ያሰረችው ልጅ፣ መጨረሻ ላይ ባቡር ጣቢያው። አንተ ከኦዴሳ በተመለስክ በዓመቱ ነበር፤ ከስክሪኑ ጎን ቆመህ በማይክ ትተረጉማለህ። ፊልሙ ላይ ሲሳሳሙ ጓደኛችን ክፍሉ ከኋላ፣ «ይኼንንም ተርጉምልን እንጂ!» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። ከዚያ ዝም ባልክ ቁጥር «ተርጓሚው ተኛ!» እያለ ይጮህብህ ጀመር።

በሳምንቱ ከአገር እንደምወጣ ካንተ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በመካከላችን ግን የተባለ ነገር አልነበረም። በፊልሙ መጨረሻ ልጅቷ ባቡሩ ላይ ስትወጣ የሚወዳት ልጅ፣ «ሂጂ፤ እኔም እከተልሻለሁ» አላት። ማለቴ፣ አንተ በማይኩ አልክ።

እዚህ መጥቼ አምስት ዓመት ጠበቅኩህ። ከዚያ ራሴን ገሠጽኩ፤ የፊልም ቃል ነው፣ እሱ የተረጎመው ብቻ ነው አልኩ። እንዲህ ብዬ ነው አብሮኝ ሆቴል ለሚሠራው ለፍሰሐ እሺ ያልኩት። ሽማግሌዎቹ በዚህ ወር ጌይተርስበርግ አጎቴ ቤት ሊመጡ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት የሩሲያ ፊልም አለ ብሎ ፍሰሐ ወሰደኝ። የልጅቷን ሻንጣ ሳይ ፊልሙን አወቅኩት። እንግሊዝኛው ከሥር ይጻፋል። ባቡሩ ተነሳ፤ ልጁ ቆሞ አየ። ምንም አልተጻፈም። አፉም አልተንቀሳቀሰም። ያኔ ይህን እንዴት ሳላይ ቀረሁ? ዓይኔ ስክሪኑ ላይ አልነበረማ።

«ምነው፣ አንቺም ባቡር አመለጠሽ?» አለኝ ፍሰሐ ፊቴን አይቶ።

«ልጁ አልተናገረም።»

«ምን ይበላት? ሄደች እኮ! ነይ እንውጣ፣ መኪናዬን ቶው አድርገው ጎትተው ሳይወስዱብኝ።»

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተምታቶብኛል። ቃሉ የፊልሙ ካልነበረ የማን ነበር? ለእኔ ነው ያልከው፣ ወይስ ክፍሉ እንዳይጮህብህ ዝምታውን መሙላትህ ነው? የትኛው እንዲሆን እንደምፈልግም አላውቅም። አንዱን ስመኝ ለፍሰሐ አዝናለሁ፤ ሌላውን ስመኝ ለነዚያ አምስት ዓመታት።

ለፍሰሐ ሁሉንም ነገርኩት። መሪውን እንደያዘ ብዙ ዝም አለ፤ የሚተረጉምልኝ አልነበረም። በኋላ፣ «ሽማግሌዎቹ እስከ ፋሲካ ይቆዩ። ጻፊለት» አለኝ። ቴምብሩን የገዛው እሱ ነው።

አንድ መስመር ይበቃኛል። አሁን የሚጮህብህ የለም።

እንግዳወርቅ