የዓረቢቱ ልጅ

ኮሶዬ፣ መጋቢት 12 ቀን 1951 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለነጋ፣ አሥመራ።

መድኃኔ ዓለም ጤናህን ይጠብቅልኝ። እኔም እናትህም ደኅና ነን። ዘንድሮ ገብሱን አመዳይ መታው፤ ባቄላው ግን ሸጋ ነበር።

«ባዝራዋን ሽጪና ነይ፤ ከእኔና ከእሷ ምረጪ» ያልህበት ደብዳቤ ከደረሰኝ ዓመት አልፎታል። ዝም ያልሁት ንቄህ አይደለም፤ የምጽፈው አልነበረኝም። አሁን የሆነውን ልንገርህ።

ባዝራዬ ዓረቢቱ ማርጀቷን ታውቃለህ። ጣሊያን ከጎንደር ሲወጣ ቁስቋም ሥር ጥሏት ሄዶ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ በመቀነቴ ስቤ ያመጣኋት ጊዜ ለኮርቻ እንኳ አልደረሰችም ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ዓይኔን ሌላ ፈረስ አይሞላውም። ከአገሩ ድንጉላ ሦስት ጊዜ ወለደች፤ ሦስቱም ጠንካሮች ናቸው፣ እሷን ግን አይመስሉም።

እሷን የሚመስል ልጅ እንድትወልድልኝ፣ አምና ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ይዣት መተማ ወረድሁ። ጎረቤታችን አያ ባዬ አብሮኝ ሄደ። ሰባት ቀን በእግሬ ተጓዝሁ፤ አልተቀመጥሁባትም። የዓረብ ድንጉላ ያለው የሱዳን ነጋዴ ጥርሷን ገልጦ አየና፣ «ይህች እኮ አሮጊት ናት። ብትፀንስ ምጡ ይገድላታል» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልሁት።

ማወቄን ካንተም አልደብቅም።

ገና ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ምጥ ያዛት። እስከ ቀትር ወድቃ ቀረች። አያ ባዬ ቢላዋውን ስሎ፣ «የውርንጭላው እግር ታጥፏል። ቆራርጠን እናውጣውና እናቲቱ ትትረፍ» አለ።

ፈረሶቼን አንድ ቀን ዞረው አይተው የማያውቁት እናትህ ከቤት ወጡ። «እጅሽ ቀጭን ነው፤ ቅቤ ተቀቢና አስገቢው» አሉኝ።

እስከ ክንዴ አስገባሁ። ጉልበቱን አገኘሁት፤ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጌ፣ ሰኮናውን በመዳፌ ሸፍኜ አቀናሁት። እናትህ የባዝራዋን ራስ ታቅፈው «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይሉ ነበር፤ ለእኔ ይሁን ለእሷ አልለየሁም።

ወጣች። ሴት ናት፤ ዳማ፣ ግንባሯ ነጭ፣ አንገቷ ቁርጥ የእናቷ። ዓረቢቱ ልሳ አደረቀቻት። በሦስተኛው ቀን እናቲቱ ሞተች። ለጅብ አላስጎተትኋትም፤ ጉድጓድ አስቆፍሬ ቀበርኋት። መንደሩ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ውርንጭላዋን እናትህ የላም ወተት በውኃ እያቀጠኑ አሳደጓት። ብርድ እንዳይጎዳት የሠርግህን በርኖስ አልብሻታለሁ፤ ጠርዙን በልታዋለች፤ ይቅር በለኝ።

ነጋዴው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ስትደርስ ድንጉላውን ራሱ ይዞ እንደሚመጣ ልኮብኛል። እኔና አያ ባዬ በረቱን እያሰፋን ነው። ስለዚህ አሥመራ የምመጣበትን ቀን አልጻፍሁልህም።

እናትህ አጠገቤ ጥጥ ይፈትላሉ። ምን ልበልልዎ ብላቸው፣ «የጋራዥ ሥራ ይብቃው፤ በረት የሚያቆም ወንድ እዚህም ያስፈልጋል፤ ይምጣ» ብለዋል።

እጅህን ከብረት፣ መንገድህን ከክፉ ይጠብቅልኝ።

ጽጌሬዳ

ደብዳቤውን ለእናትህ ባነብላቸው፣ «እኔ መቼ ይምጣ አልሁ?» ብለው ሳቁብኝ። እንደገና እንዳልጽፈው ሌላ ወረቀት የለኝም።