የደን ጠባቂዎቹ ብዛት

ውድ ልዕልት፣

አኩርፈሽ ከቤቴ ከወጣሽ ወዲህ ስልክ አታነሺም። አዲስ አበባ በጉባኤው ላይ ከመናገርሽ በፊት እንዲደርስሽ ይህን እጽፋለሁ።

ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ቢሆንም የጥንቱን የጀርመን ደን ታሪክ የተማርኩት ካንቺ ነው። ቦርንሃይም ሰፈር ቤቴ እየመጣሽ የመጽሐፍሽን ረቂቅ ስናርም ብዙ ክረምት አለፈ። ደስ ይለኝ እንደነበር ግን በአፌ ነግሬሽ አላውቅም። «መቅድሙን ይጻፉልኝ» ስትዪኝ እንኳ «ሥርዓተ ነጥቡ ከተስተካከለ» ብቻ ነው ያልኩሽ።

የመጽሐፍሽ ሦስተኛው ምዕራፍ ስህተት ነው። የታውኑስ ተራሮች ገበሬዎች ደኑን እንዳወደሙት፣ የአገሩ ገዥ መስፍንም ከልክሎ እንዳዳነው ጽፈሻል። ማስረጃሽ እንጨት ሲቆርጡ ተይዘው በችሎት የተቀጡት ሰዎች ከዓመት ዓመት መብዛታቸው ነው። በእነዚያው ዓመታት መስፍኑ ጠባቂ በጠባቂ ላይ ይቀጥር እንደነበር ግን ራስሽ በሁለተኛው ምዕራፍ ጽፈሻል። ጠባቂ ሲበዛ የሚያዘው ይበዛል፤ ይህ ደኑ ስለመመናመኑ ምንም አይነግረንም። ለመስፍኑ የብረት ማቅለጫ ከሰል በሆነው ዛፍስ ማን ተከሰሰ?

ይህን ስልሽ ሳቅሽ።

«እትዬ ያለም፣ እርስዎኮ ከሙታን ጋርም ይሟገታሉ!»

«ሙታን ይሻላሉ፤ አኩርፈው አይነሱም።»

«መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ገብቷል፣ ቴርሚኑ፣ የማረሚያው ቀነ ገደብ፣ አልፏል። ደግሞስ ከሞተ አራት መቶ ዓመት ያለፈው ገበሬ ምን ይሆናል ብለው ነው?»

ተነሥተሽ ወጣሽ።

እሱስ ምንም አይሆንም። ጉባኤው የሚመክረው ግን በአገራችን ደን ውስጥ ቀፎ ሰቅለው የሚኖሩ ሰዎች ይነሡ ወይስ ይቆዩ በሚለው ነው። የጠሩሽም ለዚህ ምዕራፍ ብለው ነው። «አውሮፓም ደኗን ያተረፈችው ገበሬውን አስወጥታ ነው» ይላሉ፤ ምስክራቸው አንቺ ትሆኛለሽ። የሚነሡት ሰዎች በአዳራሹ ውስጥ አይኖሩም፤ ሊመልሱልሽ አይችሉም። የታውኑሱም ገበሬ በችሎቱ የተናገረው ቃል አልተጻፈለትም።

ስለዚህ መቅድሙን አልጽፍም፤ ለማተሚያ ቤቱም ዛሬ ጠዋት አስታውቄአለሁ። በጉባኤው ፊት ቆመሽ «እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ» ብትዪ ማንም አያዋርድሽም፤ ቢስቁብሽም ሳቅ ያልፋል። ዝም ካልሽ ግን ተቃውሞዬን በስሜ አሳትማለሁ። በአደባባይ ካንቺ ጋር መጣላት ምን እንደሚያሳጣኝ አላጣሁትም። ልጅ አልወለድኩም፤ ያለሽኝ አንቺ ነሽ። ይህን አውቄ ነው የምጽፍልሽ።

ወዳጅሽ
ያለምዘውድ
ፍራንክፈርት