መልካም ጠባዬ ከኮሌጅ ስላስወጣኝ

ቀን፦ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማረሚያ ቤቱ የትምህርትና ሥልጠና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በመልካም ጠባዬ ምክንያት የተቋረጠብኝ የኮሌጅ ትምህርት እንዲቀጥልልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ደሞዝ ገብረማርያም የገለጉ ከተማ ሰውና የትራክተር ሹፌር ነበርሁ። በ2012 ክረምት ፍሬኑ የላላ ትራክተር «ግድ የለም፣ ይሄዳል» ብዬ አስነሥቼ፣ ከወሎ ለሰሊጥ አረም የመጣውን የቀን ሠራተኛ ዓለምሰገድን እግሩን ሰበርሁት። ስድስት ዓመት ተፈረደብኝ፤ በፍርዱ ላይ ቅሬታ የለኝም።

1. የከተማው ኮሌጅ እዚህ ማረሚያ ቤት ግቢ ውስጥ የእርሻ መሣሪያ ጥገና ትምህርት ሲከፍት ቀድሜ ተመዘገብሁ። የፍሬንን ነገር በወጉ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ዘግይቶም ቢሆን።

2. ባለፈው ጥቅምት፣ ጠባዬ መልካም ነው ተብሎ ሚያዝያ ላይ በአመክሮ እንድፈታ ተወሰነልኝ። በማግሥቱ ስሜ ከተማሪዎች ዝርዝር ተሰረዘ። ቀሪ ጊዜው ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ታራሚ እንዲማር መመሪያው አይፈቅድም ተባልሁ። የክፍል ጓደኛዬ ሳጂድ በጠብ ሁለት ጊዜ ስለተቀጣ አመክሮ ተከልክሏል፤ እርሱ ይማራል። እኔም ጠብ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ጠባዬ እምቢ አለኝ።

3. አመክሮውን ልመልስ ብዬ የጥበቃ ኃላፊውን ኢንስፔክተር ማሩን ለመንኋቸው። በሃያ ዓመት አገልግሎታቸው አስወጡኝ የሚል እንጂ አቆዩኝ የሚል እንዳላዩ ነግረውኝ አትክልት ቦታ መደቡኝ። ቦታው ከመማሪያ ክፍሉ መስኮት ሥር ነው። ስለዚህ ሦስት ወር ሙሉ መስኮቱ ሥር ያለውን የቲማቲም መደብ ብቻ አጠጣሁ። ቲማቲሙ በውሃ ብዛት በሰበሰ፤ እኔ በመስኮቱ እየሰማሁ ሃይድሮሊክን፣ የዘይት ግፊቱን ትምህርት፣ ጨረስሁ። ስለ ቲማቲሙ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መምህርት መቅዲ ልመናዬ ቢበዛባቸው የፈተናውን ወረቀት በመስኮት አቀበሉኝና ዘጠና አንድ አመጣሁ። ስሜ ዝርዝሩ ላይ ስለሌለ ግን ውጤቱ የማንም አይደለም።

4. ከዓለምሰገድ ጋር በሽማግሌ ታርቀናል። ባለፈው እሑድ እያነከሰ ሊጠይቀኝ መጣ። ሚያዝያ ላይ እንደምፈታ ብነግረው ፊቱ አልፈካም።

«እኔ ያው እዚያው እርሻ ነኝ» አለኝ። «ትምህርቱን ሳትጨርስ ከወጣህ ለቀረችኝ እግሬ እፈራለሁ።»

እኔ ሳቅሁ፤ እርሱ አልሳቀም። ይህን ለመጻፍ የቆረጥሁት ያን ቀን ነው።

ስለዚህ ውጤቴ እንዲመዘገብልኝና ከየካቲት የሚጀምረውን የመጨረሻ መንፈቅ እንድማር በትሕትና አመለክታለሁ። ሚያዝያ ላይ ስፈታም ትምህርቱ እስኪያልቅ ሰኞና ረቡዕ ከውጭ እየመጣሁ ልከታተል። በፊት ወደዚህ ግቢ ስገባ ወረቀት የጻፈልኝ ፍርድ ቤቱ ነበር፤ ለአሁኑ መግቢያዬ ግን ክቡርነትዎ እንዲጽፉልኝ እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ደሞዝ ገብረማርያም
(ፊርማ)