ሳያስረዱ ያላስፈረሙት የእማማ ቁልፍ የሕይወት ታሪክ

እማማ ቁልፍ ከግንበኛው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1949 ተወለዱ። ለስድስት ልጆች አራተኛ ነበሩ። የተወለዱባት ቤት አንድ ክፍል ብቻ ስትሆን፣ ግማሹን የእናታቸው የስፌት መኪና፣ ግማሹን ስምንት ሰው ይዞት ነበር።

ዕድሜያቸው ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ። ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ሒሳብ ግን አልገባ ብሏቸው ሁለት ዓመት ወደቁ። መምህራቸውም በክፍሉ ልጆች ፊት ደንቆሮ አሏቸው። እናታቸው ይህን ሲሰሙ ባዶ የክር ማጠንጠኛዎችን ወለሉ ላይ በረድፍ በረድፍ ደርድረው ማባዛትን በአንድ ከሰዓት አስተማሯቸው። እማማ ቁልፍ ከዚያ በኋላ ሳይወድቁ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ያን መምህር ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ይቅር አላሉም።

በ1970 በአንድ የቀለም ፋብሪካ በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ፤ ከአራት ዓመት በኋላም ወደ ጥበቃ ተዛወሩ። በዚያው በር ላይ አንድ የቶርኖ ሠራተኛ መታወቂያውን ረስቶ ሲመጣ አላስገባም አሉት።

"አታውቂኝም እንዴ?" ቢላቸው፣

"ማወቁንስ አውቅሃለሁ፤ መታወቂያህን ግን አላየሁም" ብለው መለሱት። ሰውዬው ለጓደኞቹ "ይቺ ሰው አይደለችም፣ ቁልፍ ናት" ብሎ ተረበ፤ ስሙም በዚያው ቀረ። በ1976 ከዚሁ የቶርኖ ሠራተኛ ጋር ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

እማማ ቁልፍን ዕድሜ ልካቸውን ሲያንገሸግሻቸው የኖረው ነገር በየዓመቱ የሚሰጠው የጥበቃ ደንብ ሥልጠና ነበር። ሦስት መቶ ሰው በቀለምና በላብ ሽታ በታፈነ አዳራሽ ይታጎራል። የአስተዳደር ኃላፊው አርባ ስድስት ገጽ ቀና ሳይሉ ያነባሉ። ገጽ በገለጡ ቁጥር ጣታቸውን ይልሳሉ። ሲጨርሱ የፊርማውን ወረቀት በዚያው ጣት ይገልጡትና ያዞሩታል። ጠርዙ ርሶ፣ እስክሪብቶው በሦስት መቶ እጅ ተላቁጦ ይደርሳቸዋል፤ እማማ ቁልፍ በመሐረብ ይዘው ይፈርሙ ነበር። ሆኖም ከምራቁ የባሰ የሚቀፋቸው ፊርማው ነበር። አንዱ ሲያንቀላፋ ውሏል፣ አንዱ ከኋላ ተቀምጦ አልሰማም፣ አንዱ የቢሮው ቋንቋ ተምታቶበታል፤ ሁሉም ግን "አንብቤ ተረድቻለሁ" ከሚለው ሥር ፈርሟል። ይህን ሲያነሡ ፊታቸው እሬት እንደ ቀመሰ ሰው ይጨማደድ ነበር።

በ1997 ሁለት ትልልቅ ካርቶን የታቀፈ ሰው ወደ ፋብሪካው የጓሮ በር መጣ። ጋሪው በሚል ቅጽል ስም የሚጠራው ጫኝ፣ እጁ የሞላን ሰው ደጅ ማቆም ነውር ነው ተብሎ ያደገ ነውና፣ በራሱ ካርድ በሩን ከፍቶ አሳለፈው። ካርቶኖቹ ባዶ ነበሩ። ሰውዬው ሲወጣ ግን የቀለሙ ቅመማ የተጻፈባቸውን የላቦራቶሪ ኮምፒውተሮች ካርቶኖቹ ውስጥ ከትቶ ወጣ። በማግሥቱ የጋሪው የሥልጠና ፊርማ ከመዝገብ ተፈልጎ ወጣ። ጋሪው የአራት ልጆች አባት ነው፤ ከሥራ ለመባረር የቀረው የፈረቃው ጥበቃ ኃላፊ የነበሩት እማማ ቁልፍ "በሚገባ ሠልጥኗል" ብለው መፈረማቸው ብቻ ነበር።

"እናቴ፣ አንድ መስመር ናት፤ ይፈርሙና ወደ ሥራዎ" አሏቸው የአስተዳደር ኃላፊው።

"ፈርሟል፤ አልተማረም" አሉ እማማ ቁልፍ። "ሁለቱ አንድ ነው ካላችሁ ያስተማራችሁት እስክሪብቶውን ነው።"

ጉዳዩ ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ኃላፊው ጋሪውን ገጽ ሠላሳ አንድ ምን እንደሚል ጠየቁት፤ አቀረቀረ። እማማ ቁልፍ ተነሥተው "እስቲ እርስዎ ይንገሩን" አሏቸው። ደንቡን ለሃያ ዓመት ያነበቡት ኃላፊ ገጹን ሊፈልጉ ጣታቸውን ላሱ። ኮሚቴው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ጋሪው በማስጠንቀቂያ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እማማ ቁልፍ ግን የአይጥ ኩስና የዛገ ቆርቆሮ ወደሚሸትበት የባዶ ጣሳ መጋዘን ተዛወሩ። እዚያ ሰባት ወር ቆዩ። በሰባተኛው ወር ትልቅ የአበባ ማሰሮ የታቀፈ ሌላ ሌባ ገባ። በሩን ከፍተው የያዙለት ራሳቸው ኃላፊው ነበሩ። በሳምንቱ እማማ ቁልፍ ከመጋዘን ተጠርተው "በሉ ሠራተኞቹን እንደሚሆን አድርገው ያስተምሯቸው" ተባሉ።

አርባ ስድስቱን ገጽ ወደ ሰባት ነገር አሳጠሩት። ለጫኞቹ በሩ ላይ ካርቶን እያሸከሙ፣ ራሳቸው ሌባ እየሆኑ አለማመዷቸው። ለሹፌሮቹ በገዛ ድምፃቸው ቀድተው በመኪና ውስጥ እንዲሰሙት ሰጧቸው። ለመካኒኮቹ የፋብሪካውን በሮች በቀይ ጠመኔ ሥለው አሳዩአቸው። ለላቦራቶሪ ሠራተኞች አንድ ገጽ ጻፉላቸው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጫኝ ካርቶኑን አስቀምጦ፣ "እማማ፣ እኔ እኮ ማንበብ ነው የምወደው። ጫኝ ስለሆንኩ ነው ይህን የሚያሸክሙኝ?" አላቸው። እማማ ቁልፍ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። እንደዚያ መምህር ሰውን ሳይጠይቁ በመፈረጃቸው ራሳቸውን ተጸየፉ። ከዚያ ወዲያ ሰውን ሁሉ አስቀድመው "አንተ ነገር የሚገባህ እንዴት ነው?" ሳይሉ አስተምረው አያውቁም።

ለጋሪው የሚገባው በእጁ ሲሠራው ነበር። ያደገበት ወግም እንዳይቀርበት፣ እጁ የሞላን ሰው ዕቃውን እየተቀበለ "ልያዝልዎት፤ ማንን ፈልገው ነው?" እንዲል፣ የሚያውቀውንም ሰው ቢሆን እንዲጠይቅ መቶ ጊዜ አለማመዱት። በዚያ በር ሌላ ሌባ አልገባም።

እማማ ቁልፍ በ2010 ጡረታ ወጡ። ለሁለት ዓመት በሳንባ ሕመም ሲሠቃዩም ጠባያቸው አልተለወጠም። ሆስፒታል ውስጥ ነርሷ "እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ" ብትላቸው ወረቀቱን ገፉት፤ ልጅቷም የሚደረግላቸውን ሁሉ መዳፋቸው ላይ በጣቷ እየሣለች አስረዳቻቸው። ያን ጊዜ "አንቺ ትምህርት ቤት ክፈቺ" ብለዋት ፈረሙ። ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ፋብሪካው ይህ ታሪክ "ሥልጠናውን በአስተዳደሩ አመራር አሻሻሉ" እንዲል በደብዳቤ ጠይቆ ነበር። ቤተሰቡ ደብዳቤውን አንብቦ ተረድቷል፤ አልፈረመበትም።

ትናንት የአስተዳደር ኃላፊው ትልቅ የአበባ ጉንጉን በሁለት እጃቸው ታቅፈው ወደ ኀዘን ቤቱ መጡ። በሩ ላይ የቆመው ጋሪው ነበር።

"ልያዝልዎት፤ ማንን ፈልገው ነው?" አላቸው።

"አታውቀኝም እንዴ?"

"ማወቁንስ አውቅዎታለሁ" አለና አበባውን ተቀብሎ ጠበቃቸው።

ኃላፊው "እማማ ቁልፍን" አሉ። ያን ጊዜ በሩን ከፈተላቸው።

እማማ ቁልፍ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ሁለት ወንድሞቻቸውንና ደንቡን ዛሬም በቃላቸው የሚያውቁ ሦስት መቶ ሠራተኞችን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ፣ እርሳቸው በር ላይ ሰውን የጠየቁትን ያህል ሳይጠይቃቸው፣ ነፍሳቸውን ተቀብሎ ያሳርፍልን።