ልጄን ያለ ሽማግሌ ለወሰዱት ፕሬዚዳንት

ለክቡር የአሜሪካ ፕሬዚዳንት
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ቁርስዎንስ በወጉ ይበላሉ? ይህን መጠየቄ ያለ ነገር አይደለም፤ ጦርነት የሚያውጁት ከአልጋ ሳይወርዱ በስልክዎ እየጻፉ መሆኑን ስለሰማን፣ እኛ የሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ሰፈር ሐበሾች ባዶ ሆድ ይሆናል እንዲህ የሚያስቆጣዎ ብለን ተጨንቀናል።

እኔ ሣህሊቱ ወልዴ እባላለሁ፤ አረጋውያንን በመንከባከብ የምተዳደር፣ ቀኝ እጄን አንስቼ ለዚህች ሀገር የማልኩ ዜጋ ነኝ። አንድያ ልጄ ትርሲት የሠራዊትዎ ነርስ ናት። ስለ እርሷ ጥቂት ምስጋና ላቅርብልዎ።

1. ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። በእኛ ወግ ልጅ ለትዳር ስትፈለግ ሽማግሌ ይላካል፤ ሽማግሌም በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፣ ዘመድ ይምከርበት ተብሎ ይመለሳል። ሆሊውድ የሚኖር ፋኑኤል የሚባል ወጣት ልጄን ለማግባት ጋሼ ተክለብርሃንን የመሰሉ ትልልቅ ሰዎች ልኮ፣ እኔም እንደ ወጉ ለሌላ እሑድ ቀጥሬ ሸኘኋቸው። እርስዎ ግን ለጦርነት ሲፈልጓት ማንንም አልላኩ፣ ማንንም አላማከሩ፤ ኮንግረሱም እንደ እኔው ከቴሌቪዥን ነው የሰማው አሉ። ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው ሲመጡ እርሷ አውሮፕላን ላይ ነበረች። ጋሼ ተክለብርሃን ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ።

2. ስለ ምክንያቶችዎ ብዛትም አመሰግናለሁ። ሰኞ ለነፃነት ነው አሉን፣ ማክሰኞ ለነዳጅ፣ ሐሙስ ደግሞ ጦርነት ያወጁባት ሀገር መሪ እንደ ሰደበዎ ነገሩን። ከአማካሪዎችዎ ያልተባረረ አንድ እንኳ ቢገኝ ኖሮ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረታችንን ባስተረጎምንልዎ ነበር።

3. ይህኛው ምስጋና አይደለም፤ ተናድጃለሁ። ልጄ የተማረችው ቁስል ለማሰር ነው፤ እርስዎ ተቆጥተው ለሚያቆስሉት ሁሉ ግን የእርሷ እጅ አይበቃም። ቦምብ የሚወርድባቸው እናቶችም እንደ እኔው ማንም አልጠየቃቸውም። ስልክ በጠራ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ እሮጣለሁ፤ የምንከባከባቸው አሮጊት እኔን መንከባከብ ጀምረዋል።

ሹመትዎን ያዳብርልዎ፣ ትንሽ ትዕግሥትም ይጨምርበት እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ሣህሊቱ ወልዴ፣ የወታደር እናት
ሎስ አንጀለስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለካ እርስዎም ሽማግሌ ይልካሉ፤ የሚልኩት ልጅ ከሞተ በኋላ ነው እንጂ። ልብሳቸውን የተኮሱ ሁለት መኮንኖች በር አንኳኩተው መርዶ እንደሚነግሩ የትርሲት ጓደኛ እናት አጫወተችኝ። እግዜር አያድርገውና እንዲህ ያለ ቀን ከመጣ፣ እነዚያን ልጆች አይላኩብኝ፤ እርስዎ ራስዎ መጥተው ዓይን ዓይኔን እያዩ ይንገሩኝ።