ሂና ተፈቀደ

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 4

ይድረስ ለእናቴ፣ ድሬዳዋ

አሰላሙ አለይኩም እማዬ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ መውጣቱን ተውሽ ወይስ አሁንም ልብስ ለማስጣት ፎቅ ላይ ትወጫለሽ? የእኛን ብትጠይቂ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከሙቀቱ በቀር የሚያማርረን የለም። አማችሽ ረምዚ እንደ ወትሮው ወደቡ ላይ ከትራንዚት ሥራው ጋር ይታገላል፤ እኔም ሱቄን እከፍታለሁ። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን በስልክ ሁለታችንም ቶሎ መዝጋት ለምደናል። ስለዚህ ጻፍኩት።

ዋናውን ላስቀድም፤ የልጅ ልጅሽ ሀያ ደህና ናት። ሕንድ የሄድንበት ተሳክቶ ተመልሰናል።

ረምዚ ሲያስረዳሽ ግማሹ እንዳልገባሽ ነግሮኛል። እኔም ቶሎ አልገባኝም ነበር። የሰው ልብ ደም የሚገፉ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ወደ ሳንባ፣ ሌላው ወደ ሰውነት ይልካል። የልጃችን የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። በሦስቱ ቀዶ ጥገናዎች ያደረጉት፣ ከሰውነቷ የሚመለሰው ደም በልቧ ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ሳንባ እንዲሄድ መንገዱን ማዞር ነው። በሦስተኛው ጊዜ፣ ደሙ ሳንባ በር ላይ ቢጨናነቅ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ሆን ብለው ትተውላት ነበር። ረምዚ፣ "ዋናው በር በከባድ መኪና ሲጨናነቅ የምንከፍተው የጎን በር በይው" ሲለኝ ነው የገባኝ። ግን በዚያ በር አየር ያላገኘ ደም እየሾለከ ስለሚቀላቀል ጥፍሯ መጥቆሩን አልተወም ነበር።

አሁን ደረቷን አልከፈቱም። በብሽሽቷ የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተው እስከ ልቧ ወሰዱት። ቀዳዳውን መጀመሪያ በትንሽ ፊኛ ደፍነው ግፊቱን ለኩ፤ ሰውነቷ እንደቻለው ሲያዩ በመድፈኛ ዘጉት። አሠራራቸው ደስ አለኝ፤ እኔም ዕቃ ሳልሞክር አልረከብም። በማግስቱ ኮሪደሩ ላይ አብረን ስንሄድ "እማ፣ ምን ያንቀረፍፍሻል?" ያለችኝ እሷ ናት።

ፈጽሞ ድናለች አልልሽም። ልቧ ያው ነው፤ መድኃኒቷን ትውጣለች፣ በየጊዜው ትታያለች። ግን ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ መንገድ ላይ እየቆመች ማረፏ ቀርቷል።

አሁን ወደ ጻፍኩበት ጉዳይ ልምጣ።

ከተወለደች ጀምሮ በዕለት ማስታወሻዬ ላይ ከገበያው ወሬ በፊት የምጽፈው የጥፍሯን ቀለም ነበር። ሂና የከለከልኳትም ለዚህ ነው። በዒድ ልጆቹ ሁሉ እጃቸውን ሲያሳዩ እሷ እጇን ከጀርባዋ ትደብቅ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ለዒድ አንቺ ጋ ላክኋት። ተዝለፍልፋ ወደቀች ተብዬ ስደርስ፣ አሥሩም ጥፍሯ በጥቁር ሂና ተሸፍኖ አገኘሁት። መባሷን ማንም ሳያይ የቀረው ለዚያ ነበር። ማን ቀባት ብዬ ስጠይቅ "እኔ ነኝ" አልሽ። ያልኩሽን ብዬሽ ልጄን ይዤ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሻትም።

ትናንት እዚህ የምትከታተላት ሐኪም፣ ዶክተር ሱሪያ ጋ ወሰድኳት። ጣቷ ላይ መለኪያውን አድርጋ ቁጥሩን አየች፤ ጥፍሯን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አገላበጠችው። ከዚያ ሀያን በሶማሊኛ፣ "እነዚህን ጥፍሮች ከማን ተዋስሽ?" አለቻት። ሀያ ኮስተር ብላ፣ "የራሴ ናቸው" አለች። ሐኪሟ ሳቀችና፣ "እንግዲያው ለዒድ ሂና ተቀቢ። አንድ ጥፍር ብቻ ለእኔ ባዶ ተዪልኝ" አለቻት።

ስንመለስ ታክሲያችን በአሮጌው ባቡር ጣቢያ በኩል ሲያልፍ፣ ሀያ፣ "ሂና ከተፈቀደ አያቴም ተፈቀደች ማለት ነው?" አለችኝ።

ከዚያ የዚያን ዒድ ነገር አወጣችልኝ። ያን ቀን አንቺ ለቅሶ ቤት ሄደሽ ነበር። እሷ ሾልካ ሙሽራ ወደሚቀቡበት ወደ ጎረቤትሽ ወደ ዘቢባ ቤት ገባች፤ "እማ ፈቅዳልኛለች" ብላም አስቀባች። ስትመለሺ እጇን አይተሽ፣ ማልቀሷንም አይተሽ፣ "እናትሽ ስትጠይቅ አንቺ ዝም በይ" አልሻት።

አልተቆጣኋትም። ይህን እንድታውቂው እፈልጋለሁ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሽም አልጠይቅሽም፤ እኔም እናት ነኝ።

ረምዚ ለሐሙስ የባቡር ትኬት ቆርጦልሻል። ሻንጣሽን አታክብጂ፣ እዚህ ሁሉ አለ። ሂናውን ብቻ ከዚያ ይዘሽልኝ ነይ፤ እዚህ ገበያ ያለው ምን እንደተደባለቀበት አይታወቅም። ዘጠኙን ጥፍር ትቀቢያታለሽ። ባዶ የሚቀረውን ራሷ መርጣለች፣ የግራ እጇ ትንሿ ጣት ናት። ከዚያ እኔ ከሱቅ ስመለስ ማን ቀባሽ ብዬ እጠይቃታለሁ። አሁንም "እኔ ነኝ" በይ፤ በዚህኛው ዒድ እውነት ይሆናል።

አላህ ጉልበትሽን ያበርታልኝ፤ መንገድሽን ቀና አድርጎ በሰላም ያድርስሽ።

ልጅሽ