ብራ ሲሆን የመጣብኝ ስጋት

ውድ ወንድሜ ሉልሰገድ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ? ይህን ለወጉ አልጻፍኩትም፤ መልስ እፈልጋለሁ። በስልክ ብጠይቅህ በቀልድ ታመልጠኛለህ፣ ፊት ለፊት ደግሞ የእኔው አፍ ይተሳሰራል። ስለዚህ ጽፌ በበርህ ስር ላስገባልህ ነው።

ክረምቱን ሙሉ እሪ በከንቱ ሰፈር ባለችው ክፍልህ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙረህ ስትተኛ፣ እኔና እማዬ እየተፈራረቅን ጠበቅንህ። እማዬ "ዝናቡ ነው የተጫነው፣ መስከረም ይጥባ እንጂ ይለቀዋል" ትል ነበር። መስከረም ጠባ። ተላጨህ፣ ፒያሳ ወጥተህ ማኪያቶ ጠጣህ፣ ሳቅህ ተመለሰ። እማዬም ስለቷን ለጊዮርጊስ አስገብታ እፎይ አለች።

እኔ ግን ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ አንድ ሐኪም በሬዲዮ ሲናገር ሰማሁ። በብዙ አገር ሰው ራሱን ማጥፋት የሚበዛው በጨለማው ወራት ሳይሆን ብራ መሆን ሲጀምር ነው አለ። ምክንያቱ በደንብ አይታወቅም፣ አየሩም ብቻውን ሰው አይገድልም አለ። እኛ ለዝናቡ ዘብ ቆመን፣ ፀሐይ ስትወጣ ጥለንህ ሄድን።

ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገርህን እጠረጥራለሁ። ካፖርትህን ለጓደኛህ ለራጉኤል ሰጠኸው። "ክረምቱ አለፈ፣ ምን ያደርግልኛል?" አልከው አሉ። የሚመጣው ክረምትስ?

ትናንት ደግሞ ጎረቤታችንን እትዬ አዳነችን ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ አገኘኋቸው።

"ወንድምሽ እንዴት ያለ ጨዋ ሆኗል ልጄ" አሉኝ። "ቤቴ ድረስ መጥቶ ጉልበቴን ስሞ፣ እትዬ፣ አስቀይሜዎት እንደሆነ አፉ ይበሉኝ አለኝ። አፉ ብዬሃለሁ አልኩት።"

እሳቸው ደስ ብሏቸዋል፤ እኔ ግን ከድልድዩ በቀጥታ ቤት ገብቼ ይህን ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ። ምን በድለሃቸው ነው? እንዲህ ቤት ለቤት እየዞረ ይቅርታ የሚጠይቅ እኮ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ነው። አንተ ደግሞ ሻንጣ አላዘጋጀህም።

ሉሌ፣ ሳላድበሰብስ ልጠይቅህ። ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው? አዎ ካልከኝ አልቆጣህም። አለቅስ ይሆናል፤ ብቻህን ግን አልተውህም፣ ሐኪም ዘንድም አብረን እንሄዳለን። ጥርጣሬዬ ከንቱ ከሆነም ዕድሜህን ሙሉ ሳቅብኝ፤ እሱን በደስታ እችለዋለሁ።

ወደ እኔ መጥተህ ግን አፉ በይኝ እንዳትል። አልልህም። የእኔን ይቅርታ ሳትይዝ የትም አትሄድም። ይህን ስታነብ በርህ ላይ ቆሜያለሁ፤ ክፈትልኝ።

አፉ የማትልህ እህትህ፣
ዊንታ